ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ሱቅ ውስጥ ሲጠፋ፦ የጊታር ፔዳል ከአዳማ ዕቃ

የጊታር ፔዳል (ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ተሰክቶ ድምፁን የሚለውጥ፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን) የሰርኪዩት ሥዕል ከኢንተርኔት አውርዶ የዕቃውን ዝርዝር ወረቀት ላይ የገለበጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው ይታወቃል። 2ኤን5088 ትራንዚስተር፣ 1ኤን34ኤ ዳዮድ፣ ጄአርሲ4558 አይሲ፣ 51 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ 20 ኪሎኦም ቮልዩም፣ ባለ ዘጠኝ እግር የእግር ማብሪያ። ወረቀቱን ይዞ የአዳማን መለዋወጫ ሱቆች ቢዞር ለግማሹ መልሱ «የለም» ነው። ባለሱቁ አይፈረድበትም። እሱ የሚያመጣው ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ቻርጀርና ስታቢላይዘር የሚጠግን ሰው የሚጠይቀውን ነው። አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች መርካቶ ድረስ ሄዶ መፈለግ ይቻላል። ለአብዛኛው ፔዳል ግን መንገዱ አያስፈልግም።

የማያስፈልገው ለምንድን ነው? ሥዕሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጀመሪያው ሠሪ በዚያን ጊዜ እጁ ላይ የነበረውን ዕቃ ይነግረናል እንጂ ቦታው የሚፈልገውን አይነግረንም። አንድ ዕቃ በተቀመጠበት ቦታ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጠባይ ብቻ ነው። ያን ጠባይ ለይቶ የያዘ ሰው የቀረውን እንደልቡ መለወጥ ይችላል። ያልያዘ ሰው ግን ትክክለኛውን ቁጥር ገዝቶም ሊሳሳት ይችላል።

ከትራንዚስተር ልጀምር፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነውና። ባለ አንድ ትራንዚስተር ቡስተር፣ ማለትም የጊታሩን ሲግናል ብቻ የሚያጎላ ፔዳል፣ እንውሰድ። ትራንዚስተር ሦስት እግር አለው፤ እዚህ ሲግናሉ በቤዝ ገብቶ ጎልቶ በኮሌክተር ይወጣል፣ ኤሚተር ወደ ግራውንድ ይሄዳል። በጣም የታወቀው አሠራር ከ9 ቮልት ወደ ቤዝ 430 ኬ (ኪሎኦም)፣ ከቤዝ ወደ ግራውንድ 43 ኬ፣ ኮሌክተር ላይ 10 ኬ፣ ኤሚተር ላይ 390 ኦም አለው። ሲግናሉ በ100 ናኖፋራድ ገብቶ በ100 ናኖፋራድ ይወጣል፤ መውጫው ላይ 100 ኬ ቮልዩም አለ። 430 እና 43 እዚህ ከተማ መፈለግ ድካም ነው። የሁለቱ ሥራ ግን 9 ቮልትን ለአሥራ አንድ ከፍሎ ቤዙ ላይ 0.8 ቮልት ገደማ ማስቀመጥ ብቻ ነው። 470 ኬ እና 47 ኬም ያንኑ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም በየሱቁ አሉ።

ትራንዚስተሩስ? 2ኤን5088 የተመረጠው ማጉላቱ ከፍ ስላለ ነው፤ ዝቅተኛው 300 ነው። ሱቅ ገብታችሁ «2ኤን5088 አለ?» ከማለት «ሲ1815፣ ሲ945፣ 9014 ወይም ቢሲ547 አለ?» ብትሉ ይሻላል። ከአራቱ አንዱ አይጠፋም። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችውን ፊደል እዩ። ቢሲ547 ላይ «ቢ» ካለ ማጉላቱ ከ200 እስከ 450፣ «ሲ» ካለ ከ420 እስከ 800 ነው። ሲ1815 ላይ «ዋይ» ከ120 እስከ 240 ሲሆን «ጂአር» ደግሞ ከ200 እስከ 400 ነው። ለዚህ ቡስተር 200 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ይበቃል። የቴስተራችሁ ማጉያ መለኪያ ቀዳዳ 100 ብቻ ካሳያችሁ ግን ኮሌክተሩ ወደ 6 ቮልት ይወጣና ድምፁ በአንድ በኩል ቶሎ ይቆረጣል። መፍትሔው 47 ኬውን በ56 ኬ መቀየር ነው፤ ኮሌክተሩ ወደ 5 ቮልት ይመለሳል። ከ4 እስከ 5.5 ቮልት ካነበባችሁ ትራንዚስተሩ ማንም ይሁን ማን ሥራውን እየሠራ ነው።

ሰው የሚሳሳተው በማጉላቱ አይደለም፤ በእግሩ ነው። ጠፍጣፋው ፊት ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበቡ 2ኤን5088፣ 2ኤን3904 እና 9014 ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ናቸው። ቢሲ547 የዚህ ግልባጭ ነው፦ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር። ሲ1815 እና ሲ945 ደግሞ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ናቸው፤ መሀሉ ቤዝ አይደለም። ቢሲ547ን ሳያዞሩ በ2ኤን5088 ቦታ ከበየዱት ፔዳሉ አይሞትም። ትራንዚስተር ኤሚተርና ኮሌክተሩ ተለዋውጦም በጣም ባነሰ ማጉላት ይሠራል፤ ድምፁ ደክሞና ሻክሮ ይወጣል። ከዚያ «ይሄ ትራንዚስተር ለጊታር አይሆንም» የሚል ወሬ ይነሳል። ምትኩ ላይ የሚወራው ክፉ ወሬ አብዛኛው ከእግር ስህተት የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእግሩን ቅደም ተከተል ከኢንተርኔት ብቻ አትመኑ፤ በቴስተር አረጋግጡ። ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አድርጉና ቀዩን ገመድ በየተራ እግሮቹ ላይ እያኖራችሁ በጥቁሩ ሌሎቹን ሁለቱን ንኩ። ቀዩ ባለበት ሁለቱም ወገን ከ0.6 እስከ 0.7 ካነበበ ያ እግር ቤዝ ነው፤ ትራንዚስተሩም ኤንፒኤን (ኮሌክተሩ በፖዘቲቭ በኩል የሚያያዝ ዓይነት) ነው። ከሁለቱ ንባቦች በጥቂቱ ከፍ ያለው ወገን ኤሚተር ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሺኛ ቮልት ብቻ ቢሆንም በጤነኛ ትራንዚስተር ላይ አይጠፋም። እግር ማቆላለፍ ካስፈለገ ከቀጭን ሽቦ ላይ የተገፈፈ ልባስ አንዱ እግር ላይ ይልበስ።

ማጉላቱ በጣም ከፍ ያለ ትራንዚስተር የራሱ ጣጣ አለው። ሹክሹክታው ይጨምራል፤ ረጅም ገመድ ሲሰካበት ሬዲዮ ጣቢያ ሊይዝም ይችላል። ከቤዝ ወደ ኮሌክተር 47 ፒኮፋራድ ሴራሚክ ማገናኘት ሁለቱንም ያረጋጋል፤ የጊታሩ ቀጭን ድምፅ ላይ የሚሰማ ጉዳት የለውም።

ስለ ጀርማኒየም ትራንዚስተር (በሲሊከን ከመተካቱ በፊት የነበረው የድሮ ዓይነት) ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፤ አዳማ ውስጥ አልመክረውም። የድሮ ፈዝ ፔዳሎች (ድምፁን በሁለት ትራንዚስተር አጥብቀው የሚያሻክሩ) ኤሲ128ን የመሰለ ጀርማኒየም ይጠቀሙ ነበርና ብዙ ሰው ያለ እሱ ፈዝ የለም ብሎ ያስባል። ጀርማኒየም ግን ቤዙ ምንም ሳይሰጠው ጥቂት ከረንት ያሾልካል፤ ያ ሹልከት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጠዋት በ18 ዲግሪ ተስተካክሎ ከሰዓት በኋላ በ30 ዲግሪ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚጫወት ፈዝ ሹልከቱ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል ማለት ነው። የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ከ4.5 ቮልት ይርቃል፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ይታፈናል። ሲሊከን ትራንዚስተር ይህ ችግር የለበትም። ሁለት ቢሲ547 ወይም ሁለት ሲ1815 ይበቃሉ፤ በሁለተኛው ኮሌክተር ላይ ባለው 8.2 ኬ ቦታ ባለ 20 ኬ ትንሽ ማስተካከያ ቮልዩም አድርጋችሁ ኮሌክተሩን 4.5 ቮልት ላይ አቁሙ። ድምፁ ከጀርማኒየሙ የበለጠ ስለት ይኖረዋል፤ ያችው የ47 ፒኮፋራድ ካፓሲተር እዚህም ታለዝበዋለች። ሌላም ጥቅም አለ፦ ኤሲ128 ፒኤንፒ (የኤንፒኤን ግልባጭ) ስለሆነ በድሮው አሠራር ግራውንዱ ፖዘቲቭ ነው፤ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ አዳፕተር አይሠራም። ኤንፒኤን ሲሊከን ግን ይሠራል።

ወደ ኦቨርድራይቭ፣ ድምፁን ከፈዝ ባነሰ ወደሚያሻክረው ፔዳል፣ ስንመጣ ልቡ ዳዮዶቹ ናቸው። ሥራቸው የሞገዱን ጫፍ መቁረጥ ነው፤ የሚጠየቁትም በስንት ቮልት እንደሚከፈቱ ነው። 1ኤን4148 በ0.6 ቮልት ገደማ ይከፈታል፤ በየሪሲቨሩና በየቴሌቪዥኑ ቦርድ ላይ እንደ ትንሽ ብርቱካንማ ብርጭቆ ተደርድሮ ይገኛል። እሱ ከጠፋ 1ኤን4007 ይሠራል። የፓወር ዳዮድ ነው ብሎ መናቅ አያስፈልግም፤ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ለስለስ ያደርገዋል እንጂ አቆራረጡ ተቀራራቢ ነው። ቀይ ኤልኢዲ በ1.8 ቮልት ገደማ ስለሚከፈት ድምፁ ይጎላል፤ የሚቆረጠው ግን ያንሳል።

ጀርማኒየም ዳዮድ 1ኤን34ኤ በሚጠየቅበት ቦታ ከቻርጀር የሚወጣው 1ኤን5819 በዝቅተኛ ከረንት በ0.2 ቮልት ገደማ ስለሚከፈት ጥሩ ምትክ ይመስላል። ጥሩነቱ ግን በቦታው ይወሰናል። ዳዮዶቹ ከ10 ኬ ሬዚስተር በኋላ ወደ ግራውንድ የተገናኙ ከሆነ ምንም ችግር የለም። በአይሲው መውጫና መግቢያ መካከል ካሉ ግን 1ኤን5819 ራሱ ከ100 ፒኮፋራድ በላይ ካፓሲተር ተሸክሞ ይመጣል፤ ሁለቱ ሲሆኑ እጥፍ ነው። ቲዩብ ስክሪመር በሚባለው የታወቀ ኦቨርድራይቭ አሠራር እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠው ካፓሲተር 51 ፒኮፋራድ ብቻ ነው። ድራይቩ (የማሻከሪያው ቮልዩም) ሙሉ ሲከፈት ያቺ 51 ፒኮፋራድ ከ5.6 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ትቀንሳለች፤ ላይዋ ላይ ከ200 እስከ 300 ፒኮፋራድ ሲታከል መቀነሱ ከ1 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይጀምራል። ጊታሩ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። እዚያ ቦታ 1ኤን4148 ይቀመጥ።

አይሲው ቀላል ነው። 4558፣ ቲኤል072፣ ኤንኢ5532 እና ኤልኤም358 እግራቸው አንድ ነው፤ 8 ፖዘቲቭ፣ 4 ኔጌቲቭ፣ 1 እና 7 መውጫ። 4558ን ሱቅ ካጣችሁ የተበላሸ ሳብዉፈር ስፒከር ቤዝና ትሬብል ቦርድ ላይ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እሱ ነው። ቲኤል072 ሹክሹክታው ያነሰ ነው፤ በኦቨርድራይቭ ውስጥ ከ4558 ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ጥቂት ነው። ኤንኢ5532 8 ሚሊአምፐር ገደማ ስለሚበላ ለአዳፕተር እንጂ ለባትሪ አይመችም። ኤልኤም358 በየሱቁ አለ፤ ግን ሞገዱ መሀል ላይ ሲያልፍ የምትሰማ ትንሽ ጭረት አለችው፤ ድምፁ እየሞተ ሲሄድ ትጋለጣለች። ከእያንዳንዱ መውጫ ወደ ግራውንድ 4.7 ኬ ሬዚስተር ብታደርጉ የመውጫው አንድ ወገን ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ ጭረቷ ትጠፋለች። አንድ ነገር ብቻ አትሞክሩ፦ ኤልኤም741 ወይም ቲኤል071ን በነዚህ ቦታ። ስምንት እግር አላቸው፤ ውስጣቸው ግን አንድ ማጉያ ብቻ ነው፤ እግራቸውም ይለያል።

ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሐሰት የሆነ አይሲም ገበያ ላይ አለ። ከረንት መለካት ብዙ ይነግራል። ቲኤል072 ተብሎ የተሸጠ አይሲ ያለ ሲግናል 3 ሚሊአምፐር ገደማ መብላት አለበት፤ 1 ሚሊአምፐር እንኳን ካልሞላ ውስጡ ያለው ኤልኤም358ን የመሰለ ርካሽ ዓይነት መሆኑን ጠርጥሩ። ለዚህም ሲባል አይሲውን በቀጥታ አትበይዱ፤ ባለ 8 እግር ሶኬት አድርጉለት።

ስለ ሬዚስተር ብዙ ማለት አያስፈልግም። 51 ኬ ከጠፋ 47 ኬ ይግባ፤ የቲዩብ ስክሪመር ዝቅተኛ ማጉላት ከ12 ወደ 11 ይወርዳል፣ ማንም አይሰማውም። የ9 ቮልቱን ግማሽ፣ 4.5 ቮልቱን፣ የሚሠሩት ሁለቱ 10 ኬዎች 22 ኬም 47 ኬም ቢሆኑ ግድ የለም፤ እኩል ይሁኑ እንጂ። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሬዚስተርና ካፓሲተር አብረው የድምፁን ወሰን የሚያሰምሩበት ቦታ ነው። በዚሁ ሥዕል 4.7 ኬ እና 47 ናኖፋራድ ተያይዘው ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ማጉላት ይቀንሳሉ፤ የፔዳሉ መለያ ይህ ነው። በ47ቱ ቦታ 100 ናኖፋራድ ብታስገቡ ወሰኑ ወደ 340 ኸርዝ ይወርድና ከቤዝ ጊታሩ ጋር የሚጋጭ ድፍን ያለ ድምፅ ይወጣል። ሁለት 100 ናኖፋራዶችን በተከታታይ ካያያዛችኋቸው ግን 50 ናኖፋራድ ይሆናሉ፤ ወሰኑ 677 ኸርዝ ነው፤ በጆሮ አይለይም።

ካፓሲተር ላይ 104 ማለት 100 ናኖፋራድ፣ 473 ማለት 47፣ 224 ማለት 220 መሆኑን ካወቃችሁ የወደቀ ቦርድ ሁሉ ሱቅ ነው። ሲግናል በሚያልፍበት ቦታ የፊልም ካፓሲተር ምረጡ። የተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ውስጥ ብዙ ጊዜ 400 ቮልት የሚችል 22፣ 33 ወይም 47 ናኖፋራድ ፊልም ይገኛል። ትልቅ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ቦታ ይይዛል፤ ጥራቱ ግን አንደኛ ነው። ሳህን የመሰለ 104 ሴራሚክ ሲግናል መንገድ ላይ ከገባ ፔዳሉ ተከፍቶ እያለ በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ከስፒከሩ «ቶክ ቶክ» የሚል ድምፅ ሊወጣ ይችላል። ሴራሚኩ ንዝረትን ወደ ቮልት ይለውጣልና በእግር የሚረገጥ ፔዳል ውስጥ ይህ ጥሩ አይደለም። ለፒኮፋራዶቹና ለፓወር መስመር ግን ሴራሚክ ይስማማል። ፖላሪቲ የሌለው 1 ማይክሮፋራድ ከተጠየቀና ከጠፋ ሁለት 2.2 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲኮችን ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አያይዙ፤ 1.1 ይሰጣሉ።

አምፖልም ሆነ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ከመፍታታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። 220 ቮልት ከተስተካከለ በኋላ ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በጠመንጃ መፍቻ አታጋጩት። ከ2 እስከ 10 ኬ የሆነ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ገመድ አያይዛችሁ ለጥቂት ሰከንድ አስነኩት፤ በቴስተር ዜሮ ማንበቡን ሳታዩ እጃችሁን አታስገቡ። የድሮውን ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ለቴክኒሻኑ ተዉት፤ ቱቦው ላይ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይቀመጣል። ቦርዱን ብቻ ከጥገና ቤት ወይም ከቆራሌው መግዛት ይበልጣል።

ቮልዩም ላይ የሚታየው ፊደል የለመድነው የእስያ ዕቃ ከሆነ «ኤ» ሎግ (መጀመሪያ ቀስ ብሎ ኋላ በፍጥነት የሚጨምር)፣ «ቢ» ሊኒየር (እኩል የሚጨምር) ማለት ነው፤ በድሮ የአውሮፓ ሬዲዮ ላይ ግን «ኤ» ሊኒየር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መሀል ላይ አቁማችሁ ከመካከለኛው እግር ወደ ጫፍ ለኩ፤ ግማሽ ካነበበ ሊኒየር፣ በአንድ ወገን ከ10 እስከ 15 በመቶ ካነበበ ሎግ ነው። ለድምፅ መጠን ሎግ ካጣችሁ ለሊኒየሩ 100 ኬ ከመካከለኛው እግር ወደ ግራውንድ 15 ወይም 22 ኬ ጨምሩለት። የቶኑ 20 ኬ ከሌለ የ50 ኬ ሁለት ጫፎች ላይ 33 ኬ አያይዙ፤ 19.9 ኬ ይሆናል። የድራይቩ 500 ኬ ከሌለ ደግሞ 250 ኬ ይግባ። ከፍተኛው ማጉላት ከ118 ወደ 65 ይወርዳል፤ ይህ 5 ዴሲቤል ገደማ ነው። ዳዮዶቹ ከዚያ በፊት መቁረጥ ስለሚጀምሩ የሚጎድለው የመጨረሻው ጩኸት ብቻ ነው፤ እኔ እንዲያውም 250ውን እመርጣለሁ።

ባለ ዘጠኝ እግሩን ማብሪያ በባለ ስድስት መተካት ይቻላል። አንዱ ወገን መውጫውን፣ ሌላው ኤልኢዲውን ይቀይራል፤ መግቢያው ግን ሁልጊዜ ከሰርኪዩቱ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። መግቢያቸው 500 ኬ ለሆነ ኦቨርድራይቮች ይህ አይጎዳም። ፈዝ ግን መግቢያው ዝቅተኛ ስለሆነ ጠፍቶም የጊታሩን ቀጭን ድምፅ ይበላል፤ ለእሱ ኤልኢዲውን ትታችሁ ስድስቱንም እግር ለሲግናል አውሉ።

ፓወሩ ላይ የሚያታልለው ጫፉ ነው። የዋይፋይ ራውተር 9 ቮልት አዳፕተር መሀሉ ፖዘቲቭ ነው፤ የፔዳል ልማድ ደግሞ መሀሉ ኔጌቲቭ ነው። ቀዳዳው አንድ ስለሆነ ሰተት ብሎ ይገባል፤ አይሲውም ይቃጠላል። የአዳፕተሩን ገመድ ቆርጣችሁ አገላብጡ እንጂ የፔዳሉን ጃክ አትለውጡ፤ ነገ የሌላ ሰው አዳፕተር ይሰካበታልና። በፖዘቲቩ መስመር ላይ 1ኤን5819 በተከታታይ አድርጉ፤ 0.3 ቮልት ገደማ ቢወስድም ስህተትን ያስቆማል። ከእሱ ቀጥሎ 100 ኦም እና 100 ማይክሮፋራድ የአዳፕተሩን ጩኸት ያጣራሉ። ጩኸቱ በባትሪ ሲሆን ከጠፋ ምንጩ አዳፕተሩ ነው፤ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ቲዩብ ስክሪመሩ ተበይዶ ካለቀ በኋላ አይሲውን ሶኬቱ ላይ ሳታስገቡ 8ኛውን እግር ለኩ፤ 9 ቮልት ገደማ ይሁን። አይሲው ገብቶ 1 እና 7 ወደ 4.5 ይጠጉ። የመግቢያው ትራንዚስተር ቤዝ ላይ ግን ቢጫው ርካሽ ቴስተር 3 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ቢያሳይ ዕቃ ነቅላችሁ አትጣሉ። ቤዙ በ510 ኬ ነው የሚመገበው፤ የቴስተሩ የራሱ መግቢያ ደግሞ 1 ሜጋ ብቻ ስለሆነ ሲነካው ቮልቱን ይጎትተዋል። በዚያ ፋንታ ኤሚተሩን ለኩ። ከ3 እስከ 3.6 ካነበበ ጤነኛ ነው፤ 2.6 አካባቢ ከሆነ የትራንዚስተሩ ማጉላት 100 ገደማ ነው ማለት ነውና ከፍ ያለ ፊደል ባለው ቀይሩት፤ ከ1 ቮልት በታች ከሆነ እግሩ ተገልብጧል።